ሌዘር አይበተንም ያላችሁ ማነው?

ማታ ጣና ዳር ቁጭ ስንል አንዱ የቁልፍ መያዣ ሌዘሩን አውጥቶ «ይሄ እኮ ዘጌ ድረስ ክር ሆኖ ይሄዳል» ይላል። አይሄድም። 1 ኪሎ ሜትር ላይ ስፋቱ ወደ 1 ሜትር ይደርሳል፤ ዘጌ ጋ ደግሞ ከጎጆ የሰፋ ድንግዝግዝ ነው የሚሆነው። በዚያ ላይ የጀልባ ነጂ ዓይን ላይ አታብሩ ባካችሁ።

«ፎከስ ሲደረግ መሃሉ ሁሌም ይደምቃል።» የለም። ጠመዝማዛ ተደርጎ የተቀረጸ ጨረር በሌንስ ቢሰበሰብም መሃሉ ጨለማ ነው።

«ኃይሉ ሲጨምር ነጥቡ ይጠባል።» አይጠብም፣ ያቃጥላል እንጂ። እንጨት ላይ ጽሑፍ የሚቀርጹ ተማሪዎች ነጥቡ ወፈረብን ብለው ጠንካራ ሌዘር ሊገዙ ሲሉ ደረስኩባቸው። ገንዘባችሁን ያዙ፣ ከሌንሱ በፊት ጨረሩን አስፉት አልኳቸው። ጥራት ያለው ሰማያዊ ጨረር 2 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ውስጥ ቢገባ ነጥቡ ወደ 14 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ነው። ያንኑ 10 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ አስገቡት፣ ወደ 3 ይወርዳል። ሁለት ርካሽ ሌንስ ነው የፈጀባቸው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ቤሰል ጨረር ጭራሽ አይበተንም፤ ቢመታም ራሱን ይጠግናል።» ቪዲዮ ያየ ሁሉ ይህን ይዞብኝ ይመጣል። ቤሰል ማለት መሃሉ ደማቅ ነጥብ ሆኖ ዙሪያውን ቀለበቶች የከበቡት ጨረር ነው። የፊዚክስ ተመራማሪው ደርኒንና ባልደረቦቹ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ያሳዩት ነገር እውነት ነው፤ ግን የማያልቀው ጨረር ያለው ወረቀት ላይ ነው፤ ማለቂያ የሌለው ኃይል ይፈልጋል። ላቦራቶሪ ውስጥ የምንሠራው በሾጣጣ ሌንስ፣ በአክሲኮን ነው። በሾጣጣው መሃል አካባቢ የገባው ብርሃን ቅርብ ላይ ይገናኛል፤ በዳሩ የገባው ሩቅ ላይ። ስለዚህ ሩቁን የሚያበራው የዳሩ ብርሃን ነው። ዳሩ ሲያልቅ ጨረሩም ያልቃል።

ጥገና የሚሉትስ? መሃሉ ላይ ፀጉር አስቀምጡ። ከፀጉሩ ኋላ መጀመሪያ ጥላ ይታያል፤ ትንሽ ራቅ ሲል ነጥቡ ይመለሳል። የተመለሰው ግን በጎን ሳይነካ ያለፈው ብርሃን ነው። ፀጉሩ የያዘው ቀርቷል። ደግሞም በመሃሉ ዙሪያ ያለው እያንዳንዱ ቀለበት ከመሃሉ ጋር የሚቀራረብ ኃይል ይወስዳል፤ 10 ቀለበት ካለ ለመሃሉ የሚተርፈው ወደ 9 በመቶ ብቻ ነው። መስታወት ለመቁረጥ ግሩም ነው፤ ኃይልን በሙሉ አንድ ነጥብ ላይ ለመሰብሰብ ግን አይሆንም።

ጨረሩ እንዲረዝም ከፈለጋችሁ ጠፍጠፍ ያለ ሾጣጣ ውሰዱ፤ መሃሉ ግን ይወፍራል። ረጅምም ቀጭንም ይሁንልኝ የሚል አይጠፋም። እንግዲያው ጨረሩን አስፍተህ ትልቅ ሾጣጣ ግዛ እለዋለሁ። ዋጋውን ሲሰማ ወደ ጠፍጣፋው ይመለሳል።