ኑክሊዮን ለፎቶን ስለሚሰጠው ምላሽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደብረ ማርቆስ ገበያ ገንቦ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ዕቃውን በጣቱ ያንኳኳል፤ ድምፁ ጥርት ካለ ይገዛል፣ ከታፈነ ስንጥቅ አለው ብሎ ይተወዋል። ፕሮቶን እና ኒውትሮን፣ በአንድ ስም ኑክሊዮኖች፣ ከሚመረመሩባቸው መንገዶች አንዱም እንዲሁ ነው፦ ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ይላክባቸዋል፣ እንዴት ተበትኖ እንደተመለሰም ይታያል። ይህ የኮምፕተን ብተና ይባላል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች እዚህ ጎጃም ከማስተምራቸው ተማሪዎች ደጋግሜ የሰማኋቸው ናቸው።

«ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው ፎቶን አይነካውም።»
ጠቅላላ ቻርጁ ዜሮ ነው፤ ነገር ግን ኳርክ በሚባሉ ቻርጅ ባላቸው ትናንሽ ቅንጣቶች የተሠራና −1.913 የኑክሌር ማግኔቶን (አሃዱ ነው) የሚያህል ማግኔታዊ ሞመንት፣ ማለትም የማግኔትነት ጥንካሬ፣ ያለው በመሆኑ ብርሃን ይበትናል።

«ኑክሊዮን በኤሌክትሪክ ወይም በማግኔት መስክ ሲጎተት እንደ አቶም ይለጠጣል።»
የመለጠጡ መጠን ፖላራይዘቢሊቲ ይባላል። የሃይድሮጂን አቶም ፖላራይዘቢሊቲ ከራሱ ይዘት (ቮልዩም) ጋር ሲቀራረብ፣ የፕሮቶን ግን ከይዘቱ አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም። ፕሮቶን እጅግ ደረቅ ነገር ነው።

«የድምር ሕጎቹ ከሞዴል የወጡ ግምቶች ናቸው።»
ከሁሉ ይልቅ መታረም ያለበት ይህ ይመስለኛል። የድምር ሕግ ማለት አንድን የኑክሊዮን ባሕርይ በሁሉም ኢነርጂ ላይ ከተደመረ ፎቶን የመዋጥ ዕድል ጋር የሚያገናኝ ሕግ ነው። ገንቦ ጣት ሳያርፍበት አይጮኽም፤ ኑክሊዮንም ፎቶኑ ሳይደርስበት ምላሽ አይሰጥም። ይህ ተራ የሚመስል እውነት በሒሳብ ሲጻፍ፣ በአንድ ኢነርጂ ላይ የሚታየው የብተና ምላሽ፣ ኑክሊዮኑ በሌሎች ኢነርጂዎች ሁሉ ፎቶን ውጦ ፓዮንና ሌሎች ቅንጣቶችን ከሚያወጣበት ዕድል ጋር እንዲተሳሰር ያስገድዳል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ክሬመርስ እና ክሮኒግ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያሳዩት ይህን ትስስር ነበር። ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ባልዲን እ.ኤ.አ. በ1960 ለኑክሊዮን ባወጣው ሕግ መሠረት፣ የመዋጡ ዕድል በኢነርጂ ካሬ ተካፍሎ በሁሉም ኢነርጂ ላይ ሲደመር የኤሌክትሪክና የማግኔት ፖላራይዘቢሊቲ ድምርን ይሰጣል፤ ለፕሮቶን 14 አስር ሺኛ ኩብ ፌምቶሜትር ገደማ። ኳርኮች ውስጥ ውስጡን ምን እንደሚሠሩ መገመት አላስፈለገም።

«እንግዲያው ሕጉ የኤሌክትሪኩንም የማግኔቱንም ፖላራይዘቢሊቲ ለየብቻ ይነግረናል።»
አይነግረንም፤ የሚሰጠው ድምሩን ብቻ ነው። ለመለየት ብተናውን በተለያዩ ማዕዘኖች መለካት ግድ ነው።

«ሕጉ በሒሳብ ከወጣ መለኪያ አያስፈልገውም።»
ገራሲሞቭ፣ ድሬል እና ኸርን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ያወጡት ሌላ የድምር ሕግ የፎቶንና የኑክሊዮን ስፒን (እንደ ሽክርክሪት የሚታይ የቅንጣት ባሕርይ) አንድ አቅጣጫ ሲይዝና ሲቃረን የሚታየው የመዋጥ ልዩነት በኢነርጂ ተካፍሎ ሲደመር የሚገኘውን ድምር፣ ውስጣዊ መዋቅር ለሌለው ቅንጣት ከሚጠበቀው በላይ ወይም በታች ከሆነው የማግኔታዊ ሞመንት ልዩነት ካሬ ጋር ያገናኛል፤ ድምሩ ለፕሮቶን 205 ማይክሮባርን (የመዋጥ ዕድል የሚለካበት አሃድ) ገደማ ነው። ሆኖም ድምሩ ወደ ከፍተኛ ኢነርጂ ሲቀጥል ማደጉን ትቶ በአንድ ዋጋ እንደሚረጋ አስቀድሞ ታስቧል፤ ይህ ደግሞ በመለኪያ መፈተን አለበት። በጀርመን ማይንዝ እና ቦን ለፕሮቶን የተደረጉት መለኪያዎች በስህተት ወሰናቸው ውስጥ ከሕጉ ጋር ተስማምተዋል። ኒውትሮን ግን ብቻውን ሩብ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሚቆይ ብዙውን ጊዜ የሚመረመረው በዲውተሪየም (ከባዱ ሃይድሮጂን) ውስጥ ከፕሮቶን ጋር ታስሮ ነው፤ ሁለት ተጣብቀው የተሠሩ ገንቦዎችን አንኳኩቶ የአንዱን ድምፅ ብቻ የመለየት ያህል ሥራ ነው።