ከልጅ ልጅ ደጃፍ ቤት ፍለጋ፦ ጡረተኛን የሚያሳስቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለቤቴና እኔ ደብረ ብርሃን 30 ዓመት አስተምረን ጡረታ የወጣን ሰዎች ነን። ልጃችን አዲስ አበባ ዳር፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፤ ሁለት ልጆች አሏት። ቤታችንን ሸጠን ወደ እነሱ እንጠጋ ብለን ከተነሣን ጀምሮ ሰባት ወር ቤት ፈልገናል። ከዘመድም ከደላላም ብዙ ምክር ሰማን፤ አብዛኛው በቅንነት የተነገረ ነው፣ ግን ብንከተለው ገንዘባችንን ይዞብን ይሄድ ነበር። የናፈቀ ሰው ይቸኩላል። በእኛ ዕድሜ ደግሞ አንዴ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን የሚያርምበት ደመወዝ የለውም። ስለዚህ የሰማነውንና በኋላ ያረጋገጥነውን ለእኩዮቼ ልጻፍ።

«ውክልና ካለን ቤቱ የኛ ነው»

መጀመሪያ ያየነው ቤት ከልጃችን ሦስት ብሎክ ብቻ ይርቃል። ደላላው ሻይ ቤት አስቀምጦን ክላሰሩን ከፈተና ወረቀቶቹን በጣቱ እየነካ፣ «ይሄ የባንክ ውሉ፣ ይሄ ቁልፍ የተረከበበት፣ ይሄ ደግሞ ውክልናው። ያለቀ ነገር ነው ማዘር፤ ዛሬ ካልያዙት ነገ የለም» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በዕጣ የተላለፈ ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ሻጩ ግን ገንዘቡን አሁን ይፈልጋል። ስለዚህ ሙሉ ዋጋውን ተቀብሎ «የመሸጥ፣ የመለወጥ» የሚል ውክልና ይሰጠናል፤ ጊዜው ሲደርስ ስሙን ራሳችን እናዞራለን። «ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚገዛው» ተባልን።

ውክልና ስለ ሌላ ሰው ሆኖ ለመሥራት የሚሰጥ ሥልጣን ነው፤ ባለቤትነትን አያሻግርም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወካዩ ሐሳቡን በቀየረ ቀን ሊሽረው ይችላል። ወካዩ ሲሞትም ውክልናው ያበቃል፤ ያኔ ቤቱም የባንኩ ዕዳም በሟች ስም ሆኖ ከማናውቃቸው ወራሾች ጋር እንጋፈጣለን። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው፦ ተወካዩ ሲሞትም ያው ነው። ተወካዮቹ እኛ ነን፣ ስድሳን ያለፍን ሰዎች። ከእኛ አንዳችን ብንሞት ልጃችን እጅ ላይ የሚቀረው ያላለቀ ጉዳይ ነበር።

ትክክለኛው መንገድ ረዥም ነው፣ ግን አንድ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረማል፣ ከዚያ ስሙ በካርታው ላይ ይዞራል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስትም ባልም ይፈርማሉ፤ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት በአንዱ ፊርማ ብቻ አይሸጥም። ላጤ ከሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ። ቤቱ ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጸው ወረቀት ደግሞ ቀብድ ከመክፈል በፊት ይታያል፤ ከከፈሉ በኋላ ማየቱ ምንም አይጠቅምም።

«ከገበሬ ላይ ቦታ ገዝተን ቀስ ብለን እንሠራለን»

ይህን የመከረን የባለቤቴ ወንድም ነው፤ በቀናነት። ከየካ አባዶ አለፍ ሲሉ ለገጣፎ ነው፤ እዚያ ወገን ሽማግሌ አስቀምጦ፣ በአንዲት ወረቀት ተፈራርሞ ቦታ የሚያስረክብ አይጠፋም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ሽማግሌዎቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ ያ ወረቀት ካርታ አያወጣም። በ2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ላይ ሕጋዊ አይደሉም የተባሉ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ አይተናል፤ ዕቃቸውን ሜዳ ላይ አውጥተው የተቀመጡት ውስጥ እንደኛ ያሉ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ነበሩ። ያ ምስል ከዓይኔ አይጠፋም።

በዚሁ ይታወቅ፦ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ገላን በኦሮሚያ ሥር የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። አስፋልቱን ሲሻገሩ ካርታ የሚሰጠው ቢሮ ይለያል፣ የሥራ ቋንቋውም ይለያል። ችግር ነው ማለቴ አይደለም፤ የት እንደሚጠይቁ ከወዲሁ ይወቁ። ካርታ ያለው ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት ውጭ የተያዘ የቆየ ቦታ) ላይ ያለ ቤት ቢያገኙም እንኳ፣ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል፤ ማለትም ቦታው ለተወሰነ ዘመን ከመንግሥት በክፍያ የሚያዝ ይሆናል። ያ ወጪ ደላላው ከነገራችሁ ዋጋ ላይ አልተደመረም።

«አራተኛ ፎቅ ይርከስ እንጂ ምን አለው»

ሊፍት የለውም። ባለቤቴ ጉልበቱን ያመዋል፤ ቤቱን ስናይ ግን ኩራት ይዞት ሳያርፍ ወጣ። «አየሽ፣ ቻልኩ» አለኝ። ቧንቧውን ከፈትኩት፤ ትንሽ ተንፈስ አለና ዝም። የጎረቤቷ ልጅ ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ፣ ግፊቱ ወደ ላይ እንደማይወጣ ነገረችን። ከታች ሁለት ቢጫ ጄሪካን ይዛ ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አስቀምጣ ትንፋሿን ስትሰበስብ አይቻታለሁ። ሃያ ዓመት አይሞላትም። ባለቤቴም አይቷታል፤ ስንወርድ መደገፊያውን ይዞ ነበር የወረደው።

ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ይወደዳል። በሌላው ሁሉ ተከራከሩ፣ በክፍል ብዛት ቀንሱ፤ በደረጃው ላይ ግን አትደራደሩ።

«ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው፤ ቅርብ ነው»

ቅርበት የሚለካው በታክሲ ሰልፍ ነው። ሰንዳፋ መንገድ ላይ በእሑድ ጠዋት 15 ደቂቃ የፈጀብን ቦታ ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደብን። የምትፈልጉትን ቤት በሥራ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይና ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ሄዳችሁ እዩት፤ ቢቻል በሐምሌ ጭቃ። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የያዝኩት፦ ዘጠኝ ዓመት የሆነው የልጅ ልጄ አስፋልት ሳይሻገር ብቻውን መምጣት ይችላል? ካልቻለ እኛም የበዓል እንግዶች ነን።

«በልጃችን ስም እንግዛው፤ ለነገ ጣጣ የለውም»

ይህ ከባድ ነው፤ ስለ ልጅ ማሰብ ያማል። ልጃችን ጨዋ ናት፣ ባሏም እንደ ልጃችን ነው። ነገር ግን ቤቱ በእሷ ስም ከሆነ የእሷ ነው። በትዳር ውስጥ የተገዛ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ ዕዳ ቢመጣ፣ ትዳሩ ቢናጋ፣ እግዜር አያድርገውና እሷ ብትቀድመን፣ እኛ በሕግ ፊት ጥገኛ ነን። ስናነሳላት ራሷ ናት «እማዬ፣ በእናንተ ስም ይሁን» ያለችኝ። ለልጅ አሁኑኑ መስጠት የሚፈልግ ቢኖር የፍትሐ ብሔር ሕጉ የአላባ መብት የሚባል ነገር ያውቃል፦ ቤቱ የልጁ ይሆናል፣ በሕይወት እስካላችሁ የመኖሪያው መብት ግን የእናንተ ነው። ይህ በጽሑፍ እንዲሰፍር ጠበቃ አማክሩ፤ በቃል አይበቃም።

«የጎደለውን ባንክ ያበድረናል፤ ኪራይ የወጣት ነው»

የረዥም ጊዜ የቤት ብድር የሚሰላው በቀረው የሥራ ዘመን ነው፤ የእኛ አልቋል። የጡረታ አበሉንም እንቁጠረው። ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፤ የ30 ዓመት ሠራተኛ 55 በመቶ ያገኛል። ባለ አበሉ ሲሞት ደግሞ ለባል ወይም ለሚስት የሚተላለፈው ግማሹ ነው። ስለዚህ የቤት ወጪያችሁን ሁለታችሁ ባላችሁበት ገቢ አታስሉት፤ አንዳችሁ ብቻ ስትቀሩ በሚኖረው አስሉት። ይህን ስሌት ማታ ተቀምጠን ስንሠራ ብዙ አላወራንም።

ኪራይን የናቅነው «በዚህ ዕድሜ በሰው ቤት» ብለን ነው። ሕጉ ግን ተለውጧል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ በሚወጣው ጣሪያ ልክ ነው። አከራዩ «ውሉን ሳናስመዘግብ እንስማማ» ካለ እሺ አትበሉ። ባንክ የተቀመጠ ብር በኑሮ ውድነት እንደሚመነምን አውቃለሁ፤ ለዚያም ኪራይን እንደ መጨረሻ አልቆጥረውም። ሰፈሩን ሳያውቁ ያላቸውን ሁሉ ከመክተት ግን ይሻላል።

እኛም ምድር ቤት ተከራየን፤ ከልጃችን ሁለት ብሎክ። የመጀመሪያው ሥራችን ከደብረ ብርሃን ቀበሌ መሸኛ አምጥቶ መታወቂያ ማውጣት ነበር፤ ያለዚያ ወረዳው ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አይመዘግብም። ቀጥሎ እድር። ቤት መፈለግ ከጀመርን አሁን ስምንተኛ ወራችን ነው፤ የሚገዛ ቤት ፍለጋው አልቆመም። በራችን ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን አይዘጋም፤ ልጁ ቦርሳውን እኛ ጋ ጥሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።