«ስኳር ያልተጨመረበት» ማለት ምን ማለት ነው?

አሁንስ በዛ። በጭማቂ ካርቶን ላይ «ስኳር ያልተጨመረበት» የሚለውን ያየ ሁሉ «ስኳር የለውም» ብሎ ለሌላው ያወራል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ስኳር ስላልተጨመረበት የስኳር ህመምተኛም እንደልቡ ይጠጣው» ብሎ ሲመክር አነበብኩ። ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ ስህተት አይደለም። ሰው ይጎዳል።

የካርቶኑ ጽሑፍ የሚነግረን ፋብሪካው ያላደረገውን ነገር ነው። በውስጡ ስላለው ስኳር ግን ትንፍሽ አይልም። እንግዳ አልመጣም ማለት ቤቱ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ቤተሰቡ አለ። 100 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ ከ8 እስከ 9 ግራም ገደማ ስኳር አለው። በዚያው ልክ የተቀዳ ኮላ ከ10 እስከ 11 ግራም ገደማ ነው። የወይን ጭማቂ ደግሞ ከኮላውም ይበልጣል፣ ምንም ሳይጨመርበት።

«የፍራፍሬ ስኳር እኮ ተፈጥሯዊ ነው» ይላሉ አስተያየት ሰጪው። እውነት ነው፣ ተፈጥሯዊ ነው። ግን ሙሉው ፍሬ ውስጥ ቤተሰቡ፣ ማለትም ስኳሩ፣ በየክፍሉ ተቀምጧል፤ ግድግዳው የፍሬው ህዋስ ነው። ስናኝከው ቀስ እያለ ይወጣል። ሲጨመቅ ግድግዳው ይፈርስና ሁሉም በአንድ ጊዜ ደጅ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የጭማቂን ስኳር ከማርና ከተራው ስኳር ጋር አንድ ላይ ነው የመደበው። ከእነዚህ የሚገኘው ኃይል ከዕለቱ 10 በመቶ በታች ይሁን ይላል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 ግራም ነው። ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ብቻውን ወደ 40 ግራም ያደርሰዋል።

የህመምተኛው ነገር ደግሞ ይብሳል። የደም ስኳሩ ድንገት ሲወርድበት ቶሎ እንዲያነሳው የሚሰጠው አንዱ ነገር እኮ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ጭማቂ ነው! ስኳር ባይኖረው በምን ያነሳዋል?

በነገራችን ላይ፣ በአውሮፓ ህብረት ሕግ ይህን ጽሑፍ የሚለጥፍ አምራች ለማጣፈጫ ብሎ ማርም ሆነ የተመጠጠ (ውሃው የተቀነሰለት) ጭማቂ መጨመር አይችልም። ምግቡ የራሱ ስኳር ካለውም «ተፈጥሯዊ ስኳር አለው» የሚል አብሮ መጻፍ አለበት። ያቺ መስመር ግን ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል ነው የምትጻፈው።

ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። የአጃ መጠጥ ሲሠራ ኢንዛይም ይገባበትና የአጃውን ስታርች ይሰባብረዋል። ከዚያ ማልቶዝ የሚባል ስኳር ይፈጠራል። እንግዳ አልገባም፤ እዚያው ቤት ተወለደ። መጠጡ የሚጣፍጠውም በዚሁ ነው።

በተቃራኒውም የሚሳሳት አለ። ምንም ያልገባበት ወተት ጀርባ ላይ «ስኳር 5 ግራም» የሚል አይቶ የሚደነግጥ ሰው አለ። እሱ ላክቶዝ ነው፣ የወተቱ የራሱ። የዓለም ጤና ድርጅትም ቀንሱ ከሚለው ውስጥ አልከተተውም።

ስለዚህ የፊቱን ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ። ሁለት ምርት ስታወዳድሩ በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር የተጻፈውን ያዙ። «በአንድ ጊዜ መጠን» የሚለው ከካርቶን ካርቶን ይለያያል። የስኳር ህመም ያለበት ሰው ደግሞ ስኳር የሚለው መስመር ላይ አይቁም፣ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬቱንም ይይ። ከስታርች የሚሠራው ማልቶዴክስትሪን ለምሳሌ አብዛኛው በስኳር መስመር ውስጥ አይቆጠርም፤ የደም ስኳርን ግን በፍጥነት ከፍ ያደርጋል።