የቆዩ ባለሰንሰለት ተሽከርካሪዎች ሮለር ላስቲክ እድሳት

ታንክና ሌሎች ባለሰንሰለት ተሽከርካሪዎች ክብደታቸውን የሚያሳርፉት ከታች በተደረደሩት ሮለሮች ላይ ነው። ሮለሮቹ በሰንሰለቱ ላይ ይንከባለላሉ። የአብዛኞቹ ጠርዝ ወፍራም ድፍን ላስቲክ የለበሰ ነው፤ ውስጡ አየር የለም። ንዝረትና ጩኸት የሚቀንሰው፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚያደርገው ይህ ላስቲክ ነው። አንድ አሮጌ ታንክ ሞተሩ ቢነሳም ላስቲኩ ካለቀ ሩቅ አይሄድም።

በ1916 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጦር ሜዳ የገቡት የእንግሊዝ ታንኮች ላስቲክ አልነበራቸውም፤ ፍጥነታቸውም ከእግረኛ ብዙም አይበልጥም ነበር። ፍጥነት ሲመጣ ላስቲክ ግድ ሆነ። የአሜሪካዊው መሐንዲስ የጄ. ዋልተር ክሪስቲ ንድፍ ትልልቅ ባለላስቲክ ሮለሮች ነበሩት። ከእሱ የተወሰዱት የሶቪየት ቢቲ ታንኮች ሰንሰለታቸው ወልቆ በሮለሮቻቸው ብቻ አስፋልት ላይ ይነዱ ነበር።

ከዚያ የላስቲክ ረሃብ መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942 መጀመሪያ፣ ጃፓን ማላያንና (የዛሬዋ ማሌዥያ ክፍል) የኔዘርላንድ ምሥራቅ ኢንዲስን (የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ) ስትይዝ፣ ጃፓንንና ጀርመንን ይወጉ የነበሩት የኅብረቱ አገሮች አብዛኛውን የተፈጥሮ ላስቲክ ምንጫቸውን አጡ። ሶቪየቶች ቀደም ብለው እጥረት ገጥሟቸው ስለነበር ቲ-34 ለተባለው ታንካቸው ጠርዙ ብረት የሆነ ሮለር ሠሩ፤ ትንሿ ላስቲክ ወደ መሃል፣ ወደ እምብርቱ ተጠጋች። ላስቲክ ተቆጠበ፣ ግን ታንኩ ሲፈጥን ጩኸቱና ንዝረቱ የሚቻል አልነበረም። መላ ተገኘ፦ በየጎኑ ካሉት 5 ሮለሮች የፊተኛውና የኋለኛው ላስቲክ ለበሱ፣ መካከለኞቹ 3 ብረት ሆነው ቀሩ። ጀርመኖችም በ1944 መጀመሪያ ታይገር 1 የተባለውን ከባድ ታንካቸውን ወደ ብረት ጠርዝ አዞሩት። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር በየጎኑ 24 ሮለሮች እርስ በርስ ተደራርበው ነበር፤ የውስጠኛውን ለመቀየር የውጪዎቹን አንድ በአንድ መፍታት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ አዳሹ መጀመሪያ ተሽከርካሪው በየትኛው ጊዜ እንደተሠራ ማወቅ አለበት።

ከጦርነቱ በኋላ ባለላስቲክ ሮለር የተለመደ ሆኖ ቀጠለ።

ላስቲክን የሚገድለው ሙቀት ነው። በእያንዳንዱ ዙር ይጨመቃል፣ ይለቀቃል፤ የሚፈጠረው ሙቀት መሃሉ ላይ ይታመቃል። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊበሰብስ ይችላል። ለዓመታት የቆመ ተሽከርካሪ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ክብደቱ ያረፈበት ጎን ይጠፈጠፋል፣ አየር ውስጥ ያለው ኦዞን የተባለ ጋዝ ይሰነጥቀዋል፣ ዘይት ያላላዋል፣ ዝገት ከሥር ይገባል። ስስ ካቻቢቴ በላስቲኩና በብረቱ መካከል ሳይታገል ከሰመጠ ማጣበቂያው ለቋል ማለት ነው።

የእድሳቱ ልብ ላስቲኩ ሳይሆን ይህ መጣበቅ ነው። አሮጌው ላስቲክ በቶርኖ ይላጣል፣ ብረቱ በአሸዋ ግፊት እስኪያበራ ይጸዳል። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ቅባት ብቻውን ሥራውን ያበላሻል። ሁለት ዓይነት ማጣበቂያ ተራ በተራ ይቀባል። ጥሬው ላስቲክ ይጠመጠማል፣ በግፊትና ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ለሰዓታት ይበስላል። ቻርልስ ጉድይር በ1839 የደረሰበት ቮልካናይዜሽን ይሄው ነው፦ ድኝና ሙቀት ጥሬውን ላስቲክ ጠንካራና ተለጣጭ ያደርጉታል።

ላስቲኩን በፖሊዩሪቴን (ላስቲክ መሰል ሰው ሠራሽ ቁስ) መተካት ያከራክራል። መቆረጥን እንደሚቋቋም ደጋፊዎቹ ይናገራሉ፤ በፍጥነት ሲነዳ ሙቀት ያጠራቅማል የሚሉም አሉ። ለሙዚየም ዝግ ብሎ ለሚነዳ ምናልባት ይበቃል። የፎርክሊፍት (የዕቃ ማንሻ መኪና) ጎማ ለመግጠም ኦሪጅናሉን ጠርዝ መቁረጥ ግን ጥፋት ነው፤ የተቆረጠ ብረት አይመለስም።

የበሰለው ላስቲክ ሲቀዘቅዝ በቶርኖ ይስተካከላል። በአንድ አክስል ያሉ ጥንድ ሮለሮች ዲያሜትራቸው እኩል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ትልቁ ሸክሙን ብቻውን ይወስዳል። የመጀመሪያው ጉዞ አጭርና ዝግ ያለ ነው። ቆም ተብሎ ሮለሮቹ አንድ በአንድ በእጅ ይዳሰሳሉ። ከሌሎቹ የበለጠ የጋለ ካለ ወይ ላስቲኩ ወይ ኩሽኔታው ችግር አለበትና ይፈታል።