ቫልከንሪድን «ያፈረሱት» ገበሬዎች

በጀርመን፣ በሃርዝ ተራሮች ደቡባዊ ግርጌ ቫልከንሪድ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። መሃሏ ላይ ጣሪያ የሌለው ትልቅ የገዳም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ቆሟል። ያየው ሁሉ ለምን እንደፈረሰና መነኮሳቱ እንዴት ይኖሩ እንደነበር በእርግጠኝነት ይናገራል፤ አብዛኛው ግን ስሕተት ነው። ወሬዎቹን በየተራ እንያቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ወደመ።» ከአውሮፕላን የሚጣል ቦምብ ከመፈልሰፉ በፊት ግድግዳው ፈርሶ ነበር።

«በ1525 ያመፁ ገበሬዎች አፈረሱት።» ይህ ወሬ የማይሞተው እውነት ስለተቀላቀለበት ነው። ገበሬዎቹ ገዳሙን ዘርፈዋል፤ ጣሪያው ላይ የነበረውን የደወል ጉልላትም ጎትተው ጥለዋል። ጉልላቱ ሲወድቅ ጣሪያውንና ከሥሩ ያለውን የድንጋይ ቅስት በሳው። የእነሱ ድርሻ ይኸው ነው። በ1209 ገደማ ተጀምሮ በ1290 የተባረከ፣ 90 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሕንፃ በዶማና በገመድ በጥቂት ቀን አይናድም። ደግሞስ ሊያጠፉት ከመጡ ጎኑ ያለው ባለቅስት መተላለፊያና የመነኮሳቱ መሰብሰቢያ አዳራሽ እንዴት ተረፉ? አዳራሹ እስከ ዛሬ የመንደሩ ሰው የሚጸልይበት ነው።

ሕንፃውን የገደለው ያልተደፈነው ቀዳዳ ነው። የቅስት ድንጋዮች የሚቆሙት እርስ በርስ ተገፋፍተው ነው፤ በመካከላቸው ያለው ኖራ ግፊቱን እኩል ያከፋፍላል። ዝናብ ሲገባ ኖራው ይታጠባል። በብርዱ ወራት ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ 9 በመቶ ያህል ይሰፋና ድንጋዩን ይፈለቅቃል። አንዱ ቅስት ሲወድቅ ጎረቤቱ የሚደገፍበት ያጣል፤ እሱም ይከተላል። ገዳሙ በ1546 ከካቶሊክ ወደ ሉተራዊ (ፕሮቴስታንት) እምነት ተለወጠ፤ ከሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ማብቂያ ከ1648 ወዲህ የገዳሙ ማኅበር የለም። ባለቤት ያጣው ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ካባ ሆነ፤ ተጠርቦ ያለቀ ድንጋይ ማን ይተዋል? እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን እየተነቀለ ተጓዘ። በራሱ ጊዜ የተናደ ሕንፃ የድንጋይ ክምር ይተዋል። እዚህ ግን ወለሉ ላይ ያለው ሣር ነው።

«መነኮሳቱ ድሆች ነበሩ።» እያንዳንዱ መነኩሴ የግል ንብረት የለውም፤ ማኅበሩ ግን ሀብታም ነበር። በ1127 አዴልሃይድ የተባለች የመኳንንት ወገን መሬት ሰጠች፤ ሲስተርሲያን የተባለው የካቶሊክ ምንኩስና ማኅበር መነኮሳትም ካምፕ ከሚባለው ገዳም መጡ። በ1157 ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ ራመልስበርግ ከሚባለው የሃርዝ ተራራ ማዕድን ሩቡን ሰጣቸው። ማዕድኑን ለማቅለጥ ከሰል ያስፈልጋል፤ ለከሰል ደን፣ ለወናፍ መንኮራኩር ደግሞ ወራጅ ውሃ። ገዳሙ ሁሉንም ያዘ። ጉልበቱን የሚያወጡት ቅዳሴ የሚቆሙት መነኮሳት ሳይሆኑ፣ ከገዳሙ ውጪ ባሉ እርሻዎችና ማቅለጫዎች የሚውሉ ረድእ ወንድሞች (ለጉልበት ሥራ የገቡ የማኅበሩ አባላት) እና ቅጥረኞች ናቸው።

«የሃርዝን የውሃ ሥራ በሙሉ መነኮሳቱ ሠሩት።» ዩኔስኮ በ2010 ገዳሙንና የላይኛው ሃርዝን የውሃ ሥርዓት በዓለም ቅርስነት አንድ ላይ ስለመዘገበ የመጣ ግራ መጋባት ነው። ጀማሪዎቹ እነሱ ናቸው፤ ከሚታየው ኩሬና ቦይ አብዛኛውን ግን ከ16ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን የማዕድን ባለሙያዎች ሠሩት።

«አሁንም መነኮሳት አሉ።» የሉም። ከ2006 ጀምሮ ሙዚየም ነው።

«365 የዓሣ ኩሬ ነበራቸው፤ ለየቀኑ አንድ።» ቁጥሩ ተረት ነው። ኩሬ ማለት ቆፍሮ መተው አይደለም፤ የአፈር ግድቡ እምብርት በሸክላ አፈር ይጠቀጠቃል፤ ዛፍ ከበቀለበት ሥሩ ውሃ ያሾልካል። ዓሣ ለመሰብሰብ ውሃው ቀስ ብሎ ይለቀቃል፤ በአንዴ ከተከፈተ ወራጁ ማፍሰሻውን ይቦረቡረዋል፣ ደለሉም ዓሣውን ያፍነዋል። ዛሬ በጀርመን ኩሬዎች ላይ ለዚህ የሚያገለግለው በሳንቃ የሚዘጋ ቀጥ ብሎ የቆመ የውሃ መልቀቂያ ሳጥን ስሙ «መነኩሴ» ነው፤ ሳንቃው ከላይ አንድ በአንድ ይነሣል። በዚያ ላይ የአካባቢው ከርሰ ምድር ጂፕሰም ነው። ውሃ ያሟሟዋል፣ መሬቱም ይሰምጣል። ስለዚህ መንደሩ ዙሪያ ውሃ ያቆረ ጎድጓዳ ሁሉ የመነኩሴ እጅ ነክቶታል ማለት አይቻልም።