የእጅ አይብ በወሎ ሆቴሎች ማዕድ

አይብ ቅቤው ከወጣለት እርጎ የሚቀረው አሬራ በዝግተኛ እሳት ሲሞቅ ረግቶ ከአጓቱ የሚለይ ነጭ፣ ለስላሳና ጨው ያልገባበት ምግብ ነው። በላሊበላ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ደህና በሚባሉ ሆቴሎች ከዶሮ ወጥ፣ ከክትፎና ከጎመን ጋር የሚቀርበው አይብ በአብዛኛው የፋብሪካ ውጤት አይደለም፤ በዙሪያው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩ ሴቶች በቤታቸው ንጠውና አጥልለው የሚያመጡት ነው። ባለኮከብ ሆቴል የሚያርፍ እንግዳ የአልጋውን ልብስና የመስኮቱን ዕይታ አይቶ ሆቴሉን ሊመዝን ይችላል፤ አገሩን የሚቀምሰው ግን ከዚህች ነጭ ጉብታ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከዕቃው ነው። የወተቱ ቅል ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በወይራ ፍም ጭስ ይታጠናል። ጭሱ መዓዛ ብቻ ሳይሆን ወተቱን ቶሎ የሚያበላሹ ተሕዋስያንን የማዳከም ጥቅምም አለው። ላሊበላ ከተማ ውስጥ ከቀደምቶቹ ማረፊያዎች አንዱ የሆነው ሰባት ወይራ ሆቴል ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዛፍ ነው። የታለበው ወተት ቀን በቀን በዚያ ቅል እየተጠራቀመ ይረጋል፤ በቂ ሲሆን ሴቲቱ ቅሉን ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዘች ትንጣለች። ቅቤው መሰብሰብ ሲጀምር ድምፁ ይለወጣል፤ ቀድሞ እንደ ውኃ ሲንቦጫረቅ የነበረው ወፍሮ ይከብዳል፤ የለመደ ጆሮ ክዳኑን ሳይከፍት ቅቤው መውጣቱን ያውቃል። ቅቤው ከተለቀመ በኋላ የቀረው አሬራ በሸክላ ድስት ለስለስ ባለ እሳት ላይ ይጣዳል፤ የሚረጋው አይብ እንዳይበታተን ብዙ አይማሰልም። አሬራው ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ቢረጋ የአይቡ መጠንም ሆነ ይዘት ብዙም አይለወጥም፤ ሙቀቱ ከዚያ እጅግ ሲያልፍ ግን አይቡ የበሰለ ወተት ጣዕም ይይዛል። ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። 1 ኪሎ አይብ ለማግኘት ወደ 8 ሊትር ገደማ ወተት ያስፈልጋል። ከክብደቱ ወደ 79 በመቶ የሚጠጋው ውኃ፣ 15 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን፣ ቅቤው አስቀድሞ ስለወጣለት ስቡ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ከጣሊያንኛ በተወረሰው ስም ፎርማጆ የምንለው የፈረንጅ አይብ ወተቱ ብዙ ጊዜ በልዩ ማርጊያ ረግቶ፣ ተጨምቆና ጨው ገብቶበት ለወራት የሚቆይ ነው። የእኛ አይብ የሚረጋው ግን ወተቱ ራሱ ባፈራው ኮምጣጣነትና በሙቀት ነው፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ጎጃም ውስጥ ሜታታ የሚባለው በቅመም ታሽቶ ለሳምንታት የሚብላላ አይብ ከዚህ የተለየ ነው። የወሎ ሆቴል ማዕድ ላይ የሚቀርበው ትኩሱ አይብ በመሆኑ፣ የአምራቿ ቤትና የሆቴሉ ወጥ ቤት በቀናት ሳይሆን በሰዓታት የተሳሰሩ ናቸው።

ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሰፈር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አብሮ የሚኖርበት አገር ነው። ሥጋ ግን በባራኪው ይለያል፤ የሙስሊም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ በአንድ ሆቴል ውስጥ እንኳ ተለይቶ ይሰናዳል፤ አንዱ የሌላውን አይበላም። አይብ ይህ ልዩነት የለበትም። የሙስሊም እናት የናጠችውን የክርስቲያን እንግዳ ይበላዋል፤ የክርስቲያኗንም ሙስሊሙ። ደሴ ላይ ለሠርግ ወይም ለስብሰባ የተዘረጋ የሆቴል ቡፌ ያየ ሰው፣ ሁለት የሥጋ ጠረጴዛ ለየብቻው ተሰናድቶ፣ ጎመኑና አይቡ ግን ከመካከል ተቀምጦ ሁሉም ሲቀዳ ያስተውላል። በእኔ ግምት አይብ በወሎ ማዕድ ላይ ያለው ትልቁ ክብር ይህ ነው፤ ስለ ጣዕሙ የሚነገረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ክርስቲያኑን ከአይብ የሚለየው ጾም ነው። ከበዓለ ሃምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም፣ 15 ቀን የፍልሰታ ጾም፣ ከገና በፊት ያለው የነቢያት ጾም ሁሉም የወተት ተዋጽኦ የሚከለከልባቸው ናቸው። በእነዚህ ወቅቶች ቅቤው ተነጥሮ ይቀመጣል፤ አይብ ግን አይቀመጥም። ስለዚህ በላሊበላ ያሉ ሆቴሎች በጾም ወራት የፍስክ ማዕዳቸውን ለውጭ አገር እንግዶች ያህል ብቻ ያጠባሉ፤ ብዙ ሙስሊም በሚኖርባቸው በደሴና በኮምቦልቻ በኩል ግን አቅርቦቱ እንደዚያ አይቋረጥም። ገና ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ከዓለት የተፈለፈሉትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ለመሳለም ከየአገሩ የመጣው ምእመን ሌሊቱን በማሕሌት አድሮ ጾሙን የሚፈታው በአንድ ጠዋት ነው፤ በዚያ ጠዋት ዶሮ ወጥ ያለ አይብ አይታሰብም።

ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። ለሆቴሉ የሚገዛ ሰው ከሴቶቹ ፊት ጎንበስ ብሎ አይቡ የተሸፈነበትን ቅጠል ገልጦ ሲያይ ሦስት ነገር ይመለከታል። ከጥፍሩ ጫፍ የምታህል ቆንጥሮ በሁለት ጣቶቹ መካከል ያሻታል፤ እንደ አሸዋ ከተፈረካከሰች እሳት በዝቶባታል፤ ከጣቱ ላይ ከተለጠፈች አጓቷ ገና አልጠፋም። ከዚያ ያሸታታል፤ ወይራው ቀጭን ሆኖ መምጣት አለበት፤ የጭስ ሽታው ከወተቱ ከበለጠ ዕቃው በደንብ ሳይነፍስ ወተት ገብቶበታል ማለት ነው። በመጨረሻ ይቀምሳል። «እናቴ፣ የመቼ ነው?» ይላል፤ «የትናንት ማታ፣ ልጄ» ካለችው ዋጋ መነጋገር ይጀመራል።

ሆቴሉ ውስጥ አይቡ ሦስት መልክ አለው። ቁርስ ላይ ማር ጠብ ተደርጎበት ከትኩስ ዳቦ ጋር ይቀርባል፤ ምሳ ላይ ጎመን በአይብ ይሆናል፤ እራት ላይ ደግሞ በንጥር ቅቤ፣ በኮረሪማና በጥቂት ሚጥሚጣ ታሽቶ ከክትፎው ጎን ይቀመጣል። ከሁሉ የማርና የአይቡ ጥምረት ላሊበላ ላለችበት ለላስታ የተገባ ይመስለኛል፤ የላሊበላ ስም ራሱ ንጉሡ ሲወለድ ከከበቡት ንቦች ጋር በትውፊት የተያያዘ ነውና።

በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው የጤና ጉዳይ ነው። የሚናጠው ወተት ያልፈላ ስለሆነ፣ አይቡን በ40 ዲግሪ ብቻ ማርጋት ሁሉንም ጀርም አይገድልም። ወተት ከጀርም ለማጽዳት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ማቆየት ሲሆን፣ አሬራውም በዚሁ መጠን ቢሞቅ አይቡ አይጎዳም። ሆቴሎች ይህን የምታደርግ አምራች ፈልገው፣ ለእንጨቷና ለጊዜዋ የሚሆን ዋጋ ጨምረው ቢገዙ ለእንግዳውም ለእሷም ይበጃል። በምናሌው ላይ የወይኑ አገር ሲጻፍ የአይቡ መንደር አለመጻፉም ቅር ያሰኛል፤ ከላስታ ደጋ የመጣው አይብና በኮምቦልቻ በኩል ካለው የቦርከና ሸለቆ የመጣው አይብ ላሞቻቸው የሚበሉት ሣር የተለያየ ነው፤ ጣዕሙም እንደዚያው።

በ2021 እ.ኤ.አ. የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሆቴሎቹ እንግዳ አጡ፤ የአይቡም ገዥ አብሮ ጠፋ። ሴቶቹ ግን ላም እስካለቻቸው ድረስ መናጡን አልተዉም፤ ቅቤው ለቤት፣ አይቡ ለልጆች ሆነ። እንግዳ ሲመለስ ሆቴሉ አዲስ አምራች ማሠልጠን አላስፈለገውም፤ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገበያ ሰው መላክ በቂ ነበር።