የቀውስ ማረፊያ ቤት ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን፣ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልጅ ታመመ። እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አምስት ቀን አለፈው። ይነሳል፣ ይወጣል፣ ለብቻው ያወራል። በስድስተኛው ቀን ጎረምሶች እጁን በነጠላ አስረው ሚኒባስ ላይ ጫኑት። አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ነው። እናቱ "ፍቱልኝ፣ እኔ አብሬው እቀመጣለሁ" እያሉ እስከ መናኸሪያ ተከተሉ።

የቀውስ ማረፊያ ቤት ማለት እኚህ እናት የለመኑት ነገር ነው። የአእምሮ ሕመሙ የተነሳበት ሰው፣ ሆስፒታል በመተኛት ፈንታ ለተወሰኑ ቀናት ወይም ሳምንታት የሚያርፍበት ተራ መኖሪያ ቤት። ወጥ የሚሠራበት ማድቤት አለው። ቀንም ሌሊትም ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ ቤት ውስጥ የሚያስታምሙት ራሳቸው ታመው የተነሱ ሰዎች ናቸው።

ስሙ የገነነው ሶቴሪያ ነው። ሎረን ሞሸር የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1971 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳን ሆዜ ከተማ አስጀመረው። በአንድ ጊዜ ስድስት ያህል ታማሚ ይቀበል ነበር። መድኃኒት የሚሰጠው በቁጠባ ነበር። አስታማሚዎቹም አብዛኞቹ የሕክምና ባለሙያ አልነበሩም። ዋናው ሥራቸው ከታማሚው ጎን አለመለየት ነበር። ገንዘብ አጥሮት በ1983 ተዘጋ። በ1984 ደግሞ ሉክ ቾምፒ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ላይ ተመሳሳዩን ከፈተ። እዚያ "ለስላሳ ክፍል" የሚሉት አለ። ዕቃ አልበዛበትም። ሕመሙ የጠናበት ሰው እዚያ ይሆናል፣ አንድ አስታማሚ አጠገቡ ይቀመጣል። ብዙ ላያወሩ ይችላሉ።

ሶቴሪያ ግሪክኛ ነው፣ መዳን ማለት። በአማርኛም የነፍሱንም የሥጋውንም "መዳን" ነው የምንለው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ሰሜን ሸዋ ላደገ ሰው ነገሩ ባዕድ አይደለም። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሄደ ያውቀዋል። ቤተሰብ ቤት ይከራያል፣ አስታማሚ ጋቢ ደርቦ ከታማሚው ጋር ያድራል። ግን ጠበል ቦታ በሰንሰለት የታሰረ ሰውም አይቻለሁ። አብሮ ማደሩ ይቅርብን አልልም፤ ሰንሰለቱ ነው መቅረት ያለበት።

ማረፊያ ቤት ለሁሉም አይሆንም። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ የተቃረበ፣ ትኩሳት ያለው፣ ራሱን የሳተ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ ይሂድ። የጀመሩትን መድኃኒትም ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

ልጁ ከሁለት ወር በኋላ ተሽሎት መጣ። ስለ መርፌውም ስለ ኪኒኑም አላማረረም። ዛሬም የሚያነሳው ነጠላዋን ነው። የእናቱ ነበረች።